ወረቀቱን የሞላው ቤት

«ወረቀቱን ይሙላ?» ሲል የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ጠየቀኝ። ስልክ እያነጋገርኩ ስለነበር ራሴን ነቅንቄ «ይሙላ» አልኩት። ጥፋቴ በሙሉ ያቺ ንቅናቄ ናት። ይህን ለማወቅ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ደንበኞቼ ጡረታ የወጡ መምህርና ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሼ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከዓመታት በፊት በማኅበር የደረሳቸው 250 ካሬ ሜትር ቦታ ነበራቸው። ይኖሩ የነበሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ የባለቤታቸው ጉልበት ደግሞ ከደረጃው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። የያዙት ገንዘብ ልክ ነበረው፣ ልኩንም አልደበቁኝም። «ከዚህ በላይ ብታሠራን በሩ ሳይገጠም ነው የምንገባው» አሉኝ።

ሦስት ፕላን ሠራሁላቸው። የመጀመሪያው፣ «ሀ» ያልኩት፣ 7.20 በ10 ሜትር የሆነ 72 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ ነው። «ለ» ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወደው ኤል ሼፕ፣ 96 ካሬ። «ሐ» 10.80 በ12 ሜትር ሆኖ 130 ካሬ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ሦስት መኝታና መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ረጅም ኮሪደር ያለው። ሦስቱንም በኤ4 ወረቀት አሳትሜ በፕላስቲክ ማህደር ሰጠኋቸው። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ፣ ከቢሮው ማኅተም አጠገብ፣ መስፈርቱ «1፡100» ይላል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲም፣ መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው ማለት ነው።

ስለ ኤል ሼፕ ትንሽ ልበል፤ ገበያው ውስጥ የሚነገርለት ሁሉ እውነት አይደለምና። ጥሩ ጎን አለው፦ ግቢውን በሁለት በኩል አቅፎ ንፋስ ይከለክላል፣ ለየክፍሉ መስኮት ይደርሰዋል፣ ለቅሶም ሆነ ድግስ ሲመጣ ድንኳን የሚተከልበት እቅፍ ይሰጣል። ዋጋው ግን ውጪ ግድግዳው ላይ ተደብቆ ነው የሚመጣው። የኔ «ለ» ዙሪያው 44 ሜትር ነበር። ያንኑ 96 ካሬ በአራት ማዕዘን ብሠራው 39 ሜትር ከምናምን ይበቃል። ልዩነቱ አምስት ሜትር ቢጎድለው ነው። ሦስት ሜትር ቁመት ላለው ግድግዳ ይህ 180 ያህል ብሎኬት ነው፤ ብሎኬቱስ ይሁን፣ ቱሉ ዲምቱ አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መረሬውን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይ የሚሞላ እያንዳንዱ ሜትር፣ ማንም የማያየው ገንዘብ ነው። ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ፣ በጥሞና ሰሙኝ።

እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ፀሐይ ነበር። «አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ ፀሐይ በደቡብ አዘንብላ ነው የምታልፈው። የሳሎኔ መስኮት ያቺን ፀሐይ ያገኛል?» እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። ያገኛል አልኳቸው፣ እውነትም ያገኝ ነበር። ስለ ፀሐይ ይህን ያህል የተጨነቁ ሰው ሌላውንም አይተውታል ብዬ አመንኩ።

ከሳምንት በኋላ ደውለው «ሀ»ን እንደመረጡ ነገሩኝ። «ሳሎኑ ከሁሉም ይሰፋል፣ ወጪውም ከሁሉም ያንሳል» አሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። 72 ካሬ ቤት ከ130 ካሬ ቤት የሰፋ ሳሎን ከየት ያመጣል? እኔ ግን ሰውየው ትንሹን ቤት ለመምረጥ ራሳቸውን እያባበሉ ነው ብዬ አሰብኩና «መልካም ምርጫ ነው» አልኳቸው።

ጥር ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ችካል ልንመታ ወጣን። ፎርማኑና አራት ሠራተኞች ገመድ ወጥረው፣ ኖራ በትነው፣ ቤቱን መሬት ላይ ጻፉት። አንደኛው ጥግ ላይ ቁፋሮ ተጀምሮ ጥቁሩ አፈር ጓል ጓል እየሆነ ይወጣል። ጋሼና ባለቤታቸው በታክሲ መጡ። እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው በኖራው መስመር ላይ በር ባለበት በኩል ገቡ፤ እኔ በግድግዳ ስረግጥ እሳቸው በበር ነው የገቡት። መሐል ላይ ቆሙና ዙሪያቸውን አዩ።

«ይሄ ዕቃ ቤቱ ነው?»

«ሳሎኑ ነው እናቴ» አላቸው ፎርማኑ። ቀጠለናም የሙያውን እውነት ነገራቸው፦ «ሜዳ ላይ የተሰመረ ቤት ሁልጊዜ ያንሳል። ሰማዩ ነው የሚያሳንሰው። ግድግዳው ሲቆም ይሰፋል።»

ይህ እውነት ነው። ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሠረት የወጣ ቀን ያላለቀሰች እመቤት የለችም እንላለን። እኔም ፈገግ ብዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ይህች ራሴ ስትነቀነቅ ደግ ነገር አታመጣም።

«ግድግዳው ሲቆም ይሰፋል። ሶፋዬስ ይጠባል?» አሉና ከቦርሳቸው የልብስ ማስጫ ገመድ አወጡ። ነጭ የናይለን ገመድ ነው፣ እዚህም እዚያም ቋጠሮ አለበት። ማታ ቤታቸው ውስጥ እየተንበረከኩ ዕቃቸውን ሁሉ ለክተውበታል። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትልቁ ሶፋ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ቡፌው፣ ከዚያ አልጋው ከነራስጌው፣ ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው። ወንበሩ ተስቦ ሰው የሚቀመጥበትን እንኳ ለብቻው ቋጥረውታል። ሜትር ዘርግቼ አየሁት፤ ሶፋው 2 ሜትር ከ20፣ ቡፌው 1 ሜትር ከ80 ነው። በጣት ስፋት እንኳ አልተዛነፉም።

ከዚያ ቤቱን በገመድ ይሞሉት ጀመር። ትልቁ ሶፋ በመስኮቱ በኩል። ሁለቱ ትንንሾች በግራና በቀኝ፣ የያንዳንዳቸው ጥልቀት 90 ሳንቲም። 4 ሜትር ከ20 ከሆነው ግድግዳ የተረፈው አንድ ስንዝር ነበር። ቡፌው በሩ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ጭራሽ ውጪ ቀረ። እናታችን አንድ ድንጋይ አንከባልለው አመጡና ተቀመጡበት።

«ረከቦቴ እዚህ ነው። አሁን ከማድ ቤት ቁርስ ይዛ የምትመጣ ልጅ በየት ትለፍ? በትከሻዬ ላይ?»

ፎርማኑ ወደ እኔ ዞረ። «ኢንጂነር፣ ፕላኑ ላይ እኮ ይሄ ሁሉ ዕቃ ተስሎ ገብቷል» አለኝ። እውነቱን ነው። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቡፌው፣ እንዲያውም አንድ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ተዝናንቶ ተቀምጧል። ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያዬን አወጣሁና በ1፡100 ጎኑ ሳሎኑን ለካሁት። አሥር ሜትር ተኩል አለኝ። በ1፡50 ገለበጥኩት፤ 5 ሜትር ከ25። በቁጥር የተጻፈው ግን 4.20 ነው። ማስመሪያዬ ላይ የትኛውም ጎን አልገጥም አለ፤ ምክንያቱም 1፡40 የሚባል ጎን የለውም።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ፕላን ወረቀቱን እንዲሞላ ሲታዘዝ፣ 7.20 ሜትር ስፋት ያለውም 10.80 ሜትር ያለውም እኩል 18 ሳንቲም ሆነዋል። ትንሹ ቤት በ1፡40 ተነፋ፣ ኤል ሼፑ 1፡50 ላይ ዋለ፣ ትልቁ በ1፡60 ተጨመቀ። የ«ሀ» ሳሎን ወረቀቱ ላይ 10 በ10.5 ሳንቲም ነው። የ«ሐ» ሳሎን በእውን 5.10 በ4.80 ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ 8.5 በ8 ብቻ። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ በዓይኑ ያነጻጸረ ሰው፣ ቤቱ ባነሰ ቁጥር ሳሎኑ ሲሰፋ ያያል። ጋሼ ያዩትን ነው የነገሩኝ። ሶፋዎቹም ቢሆኑ ከኮምፒውተሩ ዝግጁ ስዕሎች መካከል ያነሣኋቸው፣ ርዝመታቸው 1 ሜትር ከ50 የሆነ፣ ለማን እንደተሠሩ የማላውቃቸው ናቸው።

ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ግርጌውን አነበቡ። ከዚያ ማስመሪያውን ተቀበሉና ራሳቸው ለኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መስፈርቱን ሳላይ!» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ካርታ ስታነቡ መጀመሪያ መስፈርቱን እዩ ስል ኖሬ። በዚህ ጥያቄ ስንቱን ልጅ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ!»

መናገር ያሳፍራል፣ ግን ልናገረው፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጥፋቱን ይውሰዱልኝ ብዬ ዝም አልኩ። መስፈርቱን ቢያዩትም እኮ የሚያገኙት የተሳሳተውን 1፡100 ነው። ጋሼ ራሳቸውን ሲወቅሱ እኔ የማስመሪያዬን አቧራ እጠርጋለሁ። ባለቤታቸው ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር።

«ያተምከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንግዲያ እሱን ተወው፣ ምን ያስለፈልፈዋል?»

ቁፋሮው ቆመ። የሠራተኞቹን የቀን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። ፎርማኑ የተቆፈረውን ጥግ ሲያስመልስ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ ይህም ከስድብ ይከፋል።

ሰኞ ዕለት ሦስቱንም ፕላን በኤ3 ወረቀት፣ ሁሉንም በ1፡50 አሳትሜ ቤታቸው ወሰድኩ፤ በዚህ ልክ ሲሆን «ሐ» የወረቀቱን ግማሽ ሊይዝ ሲቃረብ «ሀ» ሩቡን እንኳ አልያዘም። ከመድኃኒት ካርቶን ደግሞ የገመዱን ዕቃዎች በዚያው ልክ ቆረጥኩ፤ ትልቁ ሶፋ 4.4 ሳንቲም፣ ቡፌው 3.6። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው እንደ ገበጣ ጠጠር ያዘዋውሯቸው ጀመር። «ሐ» ላይ ልባቸው ሄዶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ክፍል ምን ይሠራበታል?»

«መተላለፊያ ነው። 1.20 በ8.50።»

ጋሼ በአፋቸው አባዙት። «10.2 ካሬ። መኝታ ቤቱስ?» 3.20 በ3.20 ነው፤ ያው 10.2 ካሬ። «አንድ መኝታ ቤት ሙሉ ለመተላለፊያ? እኛ ሁለት ሰዎች ነን፤ ምን ያህል ጊዜ ነው የምንተላለፈው?» አሉ እናታችን።

ትንሹም ቤት የራሱ ተንኮል እንዳለው ያን ቀን አብረን ቆጠርን። ከ72 ካሬው 10 ያህሉ ግድግዳ ነው፤ ከሰባት አንድ እጅ። ከ130ው ግን 14 ከምናምን ብቻ። ቤት ሲያንስ ግድግዳ አብሮት አያንስም፣ 20 ሳንቲም ብሎኬት ያው 20 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ትንሽ ቤት ውስጥ ክፍል ማብዛት በየክፍሉ ለግድግዳ ግብር መክፈል ነው። የሳሎኑንና የምግብ ቤቱን መለያ ግድግዳ አነሣሁ፣ ኮሪደሩን ወደ አንዲት ትንሽ መገናኛ አሳጠርኩ፣ የእንጀራ ምጣዱን ከነጭሱ ወደ ሰርቪስ ቤት አስወጣሁ። 8.60 በ10 ሜትር ሆኖ 86 ካሬ ወጣ። ሳሎኑ 5 በ5.80። የካርቶኑ ረከቦት በመጨረሻ መንገድ አገኘ። እናታችን ቡፌው ከግድግዳ ውስጥ እንደ ቁም ሳጥን ገብቶ እንዲቀመጥ ስለፈለጉ 1 ሜትር ከ82 ስፋት ያለው ጓዳ ነገር ሠራሁለት፣ ሁለት ሳንቲም አትርፌ።

ከዚያ ወዲህ በፕላኖቼ ግርጌ ከቁጥሩ ጎን አምስት ሜትር የሚያሳይ የተከፋፈለ መስመር እሰምራለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ወረቀቱን ቢነፋው ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ይዋሻል፣ መስመሩ ግን አብሮ ይነፋል።

ለቤት ምርቃት ተጠራሁ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ከማድ ቤት ቁርስ ይዛ የመጣችው ልጅ ያለ ችግር አለፈች። ልኮራ ስል ቡፌው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጓዳው ባዶውን ነው፤ ቡፌው ፊት ለፊቱ በግድም ቆሟል።

«አልገባም» አሉኝ እናታችን ስኒውን እያቀበሉኝ።

እንዴት አይገባም ብዬ ተነሣሁ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ጓዳው 1 ሜትር ከ78 ሆኗል። ጋሼ ከሶፋቸው ሳይነሡ፣ በመምህር ድምፅ ተናገሩ፦

«በዚህ በኩል ሁለት ሳንቲም፣ በዚያ በኩል ሁለት ሳንቲም። ልስኑን ረስተኸዋል።»