ኮምፒውተር ፈረስ ሲሰዋ ማንን እናድንቅ?

ዩቲዩብ ላይ የቼዝ ቪዲዮ የሚከታተል ሰው «ኢንጂኑ ሩኩን ሰዋ! ማመን ያቅታል!» የሚል ርዕስ ሳያጋጥመው አይቀርም። (ኢንጂን የሚባለው ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ መሰዋት ደግሞ ጥቅም ፈልጎ የራስን ቁራጭ አውቆ ማስበላት ነው።) ከሥሩ ደግሞ ክርክር ነው። አንዱ «ይሄ ሊቅነት ነው» ይላል። ሌላው «ማሽን አይደል እንዴ፣ አስልቶት ነው» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ስላሸነፈ ብቻ መስዋዕቱ ትክክል ነበር አይባልም፤ ኢንጂኑ 0.00 (ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው) ስላሳየ ብቻም ከንቱ ነበር አይባልም። መታየት ያለበት ተከላካዩ ስንት መውጫ እንደቀረለት ነው።

በመጀመሪያ ግን እውነተኛውን መስዋዕት ከማስመሰያው እንለይ። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽፒልማን ይህን ልዩነት ኮምፒውተር ቼዝ መጫወት ሳይጀምር በፊት አስረድቶታል። ንግሥትህን ሰጥተህ ሦስት እንቅስቃሴ ቆይተህ ማት የምታደርግ ከሆነ ምንም አልሰዋህም፤ አበድረህ ከነወለዱ ተቀበልክ እንጂ። እውነተኛው መስዋዕት መጨረሻው ሳይታይ የሚሰጥ ነው። ኢንጂኖች ከሚሰዉት ውስጥ ብዙው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እኛ እብደት ነው የምንለውን እሱ እስከ መጨረሻው አይቶታል።

ከሁለቱም የማይመደብ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ እና የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ያደረጉትን ስድስተኛ ጨዋታ ውሰዱ። ካስፓሮቭ ካሮ-ካን በሚባለው የጥቁር መክፈቻ 7ኛው እንቅስቃሴ ላይ የዳር ወታደሩን ኤች6 ወደሚባለው ካሬ ገፋ። ዲፕ ብሉ ወዲያው ፈረሱን ኢ6 ላይ ሰዋ። የጥቁሩ ንጉሥ ካስል ማድረግ (ከሩኩ ጋር ተንቀሳቅሶ ዳር መጠለል) አቅቶት መሀል ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ንግሥቱ ሄደች፣ ካስፓሮቭም ነጭ 19ኛውን እንደተጫወተ እጁን ሰጠ። ማሽኑ ውድድሩን 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሩ ደፈረ» ብሎ ተገረመ። ነገር ግን ያ እንቅስቃሴ ቡድኑ አስቀድሞ ከጫነለት የመክፈቻ መጽሐፍ፣ ማለትም ከተዘጋጁ የመጀመሪያ እንቅስቃሴዎች ስብስብ፣ የወጣ ነው። ድፍረቱ የሰው ነው። የማሽኑ ድርሻ ከመጽሐፉ ከወጣ በኋላ ጫናውን ሳያላላ መጨረሱ ነው፣ ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ስለ ኢንጂን መስዋዕት ስትከራከሩ መጀመሪያ እንቅስቃሴው ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ሰው ሲሰዋ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሞስኮ ላይ ሚካኤል ታል ከሻምፒዮኑ ቦትቪኒክ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወት፣ በስድስተኛው ጨዋታ 21ኛ እንቅስቃሴ ላይ ፈረሱን እንዲበላ ኤፍ4 ላይ አስቀመጠው። አዳራሹ በጫጫታ ከመታወኩ የተነሳ ሁለቱን ወደ ጓዳ ክፍል ወስደው ነው ያስጨረሷቸው። ቦትቪኒክ 25ኛው ላይ በቢሾፑ ኤፍ3ን መብላት ሲኖርበት በሩኩ ንግሥቷን በላ፣ ተሸነፈም። ታል የተጫወተው ከቦርዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ነርቭና ሰዓት ጋር ጭምር ነው። ኢንጂን ግን አይደነግጥም። ተጋጣሚው ኢንጂን ከሆነ የመስዋዕቱ ዋጋ የሚገኘው ቦርዱ ላይ ብቻ ነው።

በ1990ዎቹ ክሪስ ዊቲንግተን የታልን ስም የሰጠውን ፕሮግራም ሲሠራ፣ ስሌቱ ማስረጃ ባያገኝም ንጉሥ ላይ የሚደረግ ጥቃት ዋጋ እንዲሰጠው አደረገ። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 የዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋዜሮ መጣና ነገሩን ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። እሱ በሰከንድ ወደ 80 ሺህ የቦርድ አቀማመጥ ሲያይ፣ ተጋጣሚው ስቶክፊሽ የተባለው ጠንካራ ኢንጂን 70 ሚሊዮን ያያል። ያም ሆኖ አልፋዜሮ ከ100 ጨዋታ 28ቱን አሸንፎ 72ቱን አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ወታደር ሰጥቶ የተጋጣሚውን ቢሾፕ ለብዙ እንቅስቃሴ ማፈን ይወድ ነበር። የሚገምተው የቁራጭ ብዛትን ሳይሆን የማሸነፍ ዕድልን ነውና ሁለት ወታደር መጉደሉ አያስጨንቀውም። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የንግሥት መስዋዕት ይበልጣል። በእርግጥ ስቶክፊሽ አንድ ጊጋባይት ሃሽ (ስሌቱን የሚያስቀምጥበት ማህደረ ትውስታ) ብቻ መሰጠቱና ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ደቂቃ መመደቡ ተተችቷል፣ ትችቱም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው 1,000 ጨዋታ ግን ረዘም ባለ ሰዓት 155 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸንፏል።

እና እንዴት ልፍረድ ለምትሉ፣ እኔ የማደርገው ይሄ ነው። መስዋዕቱ ከተበላ በኋላ ያለውን ቦታ ስቶክፊሽ ላይ አስገባና አምስት መስመር (የተሻሉ መልሶችና ቀጣያቸው) እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። ለተከላካዩ አራቱም አምስቱም መልስ የሚያዋጣው ከሆነ መስዋዕቱ ጩኸት ብቻ ነው። አንዱ መልስ ብቻ 0.00 ሆኖ ሌሎቹ ከ3 በላይ (ከሦስት ወታደር ዋጋ በላይ) ከወረዱ ግን ቆም እላለሁ። ያንን አንዱን ተጫውቼ እንደገና አያለሁ። አሁንም አንድ ብቻ? ቀጥሎም አንድ ብቻ? እንዲህ አምስት ስድስት ጊዜ ከቀጠለ፣ ቁጥሩ አቻ ነው ቢልም ያ መስዋዕት ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም ያንን ቀጭን መንገድ ሳይስት የሚጨርሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ኢንጂኑን ከዚያው ቦታ ከራሱ ጋር አጫውተዋለሁ፣ አንዴ በአጭር ሰዓት፣ አንዴ በረጅም። በአጭሩ እያሸነፈ በረጅሙ የሚከሽፍ ከሆነ ለብሊትዝ (ለፈጣን ጨዋታ) ያዙት፣ ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት በሚሰጡበትና ኢንጂን በሚፈቀድበት የደብዳቤ ቼዝ ግን አትሞክሩት።