የዱር እንጉዳይ ጭምቅን እንዴት እንደመረመርኩ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ የመረጥኩት በደረቀ የዛፍ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ወጣ ብሎ የሚበቅለውን፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ ቡናማ እንጉዳይ፣ ማለትም ጋኖደርማን ነው። ከእንጉዳዩ የሚወጣው ጭምቅ ነጻ ራዲካሎችን (ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ያላቸውን፣ ከሌሎች ጋር ፈጥነው የሚዋሐዱ ሞለኪውሎች) ያከሽፋል ወይ፣ ባክቴሪያንስ ይገታል ወይ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ ነበር የተነሣሁት። አንዱ ምርመራ በሌላው ውጤት ላይ ጫና እንደሚያሳድር የተረዳሁት ግን ሥራው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ናሙናውን በክረምት ከመናገሻ ሱባ ደን ስሰበስብ፣ ከመቁረጤ በፊት የበቀለበትን ዛፍ መዝግቤ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ከእያንዳንዱም አንድ ቁራጭ አድርቄ ለማመሳከሪያ አስቀመጥኩ። ይህ ትርፍ ልፋት አይደለም። «ጋኖደርማ ሉሲደም» የሚለው ስም ለብዙ የተለያዩ ዝርያዎች ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ በቻይና ለመድኃኒትነት የሚለማው እንኳ ጋኖደርማ ሊንግዢ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ የሆነው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ሳይደረግ የዝርያ ስም መስጠት ስለማይገባ በጽሑፌ የወገኑን ስም (ጋኖደርማ) ብቻ ተጠቀምኩ።

እንጉዳዩን በስሱ ቆራርጬ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ካደረቅሁ በኋላ ፈጭቼ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን ሜታኖል በተባለ አልኮል ዘፈዘፍኩት፣ ግማሹን ደግሞ በሙቅ ውኃ ቀቀልኩት። ሜታኖል በዋናነት ትራይተርፒንና ፌኖል የተባሉ ውሁዶችን ሲያወጣ፣ ሙቅ ውኃ ደግሞ እንደ ቤታ ግሉካን ያሉ ፖሊሳካራይዶችን (ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችን) ያወጣል፤ ስለዚህ «የእንጉዳዩ ጭምቅ» የሚል አንድ ነገር የለም፣ በምን እንደወጣ አብሮ ካልተነገረም ውጤቱ ትርጉም አይሰጥም።

ነጻ ራዲካልን የማክሸፍ አቅሙን የለካሁት ዲፒፒኤች በተባለ፣ ራሱ ነጻ ራዲካል በሆነ ውሁድ ነው። የዚህ ውሁድ ሐምራዊ ቀለም ራዲካሉ ሲከሽፍ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ድብልቁን ለ30 ደቂቃ በጨለማ ካቆዩ በኋላ ብርሃን የመምጠጥ መጠኑ በ517 ናኖሜትር ይነበባል። የጋኖደርማ ጭምቅ በራሱ ቡናማ ስለሆነ ብርሃን ይመጥጣል፤ ዲፒፒኤች ያልተጨመረበትን ጭምቅ ለብቻው ለክቼ ካልቀነስኩ አቅሙ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታይ ነበር። የፌኖልን መጠን ለመለካት የሚያገለግለው የፎሊን ምርመራም ቢሆን ከፌኖል ሌላ ከአንዳንድ ስኳሮችና ፕሮቲኖች ጋር ስለሚዋሐድ፣ ቁጥሩን እንደ ንጹሕ የፌኖል መጠን መውሰድ አልወደድኩም።

በባክቴሪያው በኩል በሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄል መሰል ምግብ) ላይ ጭምቅ የነካቸውን 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የወረቀት ክቦች አስቀምጬ፣ ዲኤምኤስኦ የተባለው ማሟሟያ ብቻ የነካው ክብ ለማነጻጸሪያ ከጎናቸው እንዲኖር አደረግሁ። የሜታኖሉ ጭምቅ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ ሲገታ፣ ውጫዊ ሽፋን ያለው ሌላው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ግን እምብዛም አልተነካም። የውኃው ጭምቅ በሁለቱም ላይ ምንም አላሳየም፤ ይህ ግን አቅም የለውም ለማለት አይበቃም፣ ትልልቅ ሞለኪውሎች በአጋር ውስጥ በቀላሉ አይሰራጩምና።

ለዚህም ነው ወደ ፈሳሽ ማሳደጊያ የተሻገርኩት። እዚያ ሬሳዙሪን የተባለው ማቅለሚያ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ባክቴሪያው ተገትቷል፣ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ግን ሕያው ነው ተብሎ ይነበባል። ነገር ግን ኤሌክትሮን የመለገስ አቅም ያለው ጭምቅ ባክቴሪያ በሌለበትም ማቅለሚያውን ሊለውጠው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ በአዎንታ የመለሰው ባሕርይ የሁለተኛውን መልስ ይሸፍናል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ መጠን ጭምቅና ማቅለሚያ ብቻ ያለበት የመመርመሪያ ሳህን ጉድጓድ እጨምራለሁ፤ ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ ከጉድጓዱ ጠብታ ወስጄ በአጋር ላይ በመዝራት ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ አያለሁ።

ውጤቴን የሰሙ ወዳጆች እንጉዳዩን አፍልተው ቢጠጡት ይፈውስ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ጭምቄ የሠራው በሚሊግራም ደረጃ ሲሆን ጥሩ አንቲባዮቲክ ግን በማይክሮግራም ይሠራል፤ መርዛማ እንጉዳይም ቢሆን በሳህን ላይ ባክቴሪያ ሊገታ ይችላል። ከእንጉዳይ ወደ መድኃኒት የሚወስደው መንገድም ረጅም ነው፦ ፕሉሮሙቲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ከእንጉዳይ የተገኘው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከእርሱ የተሠራው የቆዳ ቅባት ሬታፓሙሊን ለሰው የተፈቀደው በ2007 ነው። እኔ ገና የሜታኖሉን ጭምቅ ሄክሳንና ኤቲል አሲቴት በተባሉ ማሟሟያዎች እየከፋፈልኩ፣ የትኛው ክፍል ስታፊሎኮከስን እንደሚገታ በመለየት ላይ ነኝ።