ፓስወርዱን ሦስቴ ቀየርኩት፤ ዋይፋዩ ግን መቆራረጡን አልተወም

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋይፋዬ በየደቂቃው ይቆረጥ ነበር። ራሱ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆረጣል። ሰው ገብቶብኛል ብዬ ፓስወርዱን ሦስቴ ቀየርኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ከዚያ አዲስ ራውተር ገዛሁ። እሱም ኪሴን ጎዳው እንጂ የፈየደው የለም።

በመጨረሻ የላፕቶፔን የዋይፋይ ካርድ ሞኒተር ሞድ (በዙሪያው ያለውን የዋይፋይ መልእክት ሁሉ የሚያዳምጥበት ሁኔታ) ላይ አድርጌ፣ አየር ላይ የሚያልፈውን ዋየርሻርክ በሚባል የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም ቀዳሁ። “ዲኦተንቲኬሽን” የሚባሉ ፍሬሞች (ዋይፋይ የሚላላካቸው አጫጭር መልእክቶች) ይጎርፋሉ። በአጭሩ “ግንኙነታችን አብቅቷል፣ ውጣ” ማለት ናቸው። የላኪው አድራሻ የእኔው ራውተር ነው። ሲግናሉን ሳየው ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ሌሎቹ የራውተሬ ፍሬሞች -45 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ናቸው፤ እነዚህ -70፣ ማለትም በጣም ደካማ። ራውተሬ ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሌላ መሣሪያ በስሙ እያወራ ነበር።

ፓስወርድ መቀየሬ ከንቱ የሆነው ለዚህ ነው። ፓስወርዱ የሚጠብቀው ዳታውን ነው። በመጀመሪያው የ802.11 (የዋይፋይ ቴክኒካዊ ደረጃ) አሠራር የማገናኛና የማለያያ መልእክቶቹ ማረጋገጫ የላቸውም፤ ስልኩ አድራሻውን አይቶ ያምናል፣ በቃ። መከላከያው፣ 802.11ደብሊው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ደብሊውፒኤ3 የሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ደህንነት ሥርዓት ደግሞ ግዴታ አድርጎታል። እኔ ግን አዲሱንም ራውተር በቀድሞው፣ በደብሊውፒኤ2፣ ነበር የምጠቀመው፤ ጥበቃው እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል።

“ግዴታ” ላይ አደረግኩት። ላፕቶፑ ተረጋጋ፣ አሮጌው ፕሪንተር ግን ጭራሽ አልገናኝም አለ። ወደ “አማራጭ” መለስኩት። የሚችለው ይጠበቃል፤ ፕሪንተሩ በራሱ ዕድል ይደር።

ላኪውን ለማግኘት ላፕቶፑን ታቅፌ ሲግናሉ ወደሚጠነክርበት ሄድኩ። አንድ ጎረቤት ቢሮ ደረስኩ። ጠላፊ የሚባል የለም! ሲስተማቸው የማያውቀውን ዋይፋይ ሁሉ እንደ ሰርጎ ገብ ቆጥሮ እንዲያባርር ተደርጎ ኖሯል። ኃላፊው ራሱ ደንግጦ እዚያው አጠፋው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪዮት በአንድ ሆቴሉ የእንግዶችን የግል ዋይፋይ በዚሁ መንገድ በማቋረጡ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 600,000 ዶላር አስከፍሎታል።

ጥበቃው ሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም። አንድ ፍሬም “ለዚህን ያህል ጊዜ አየሩን ይዤዋለሁ” ብሎ እስከ 32 ሚሊሰከንድ ገደማ ማስያዝ ይችላል፤ የሰሙት ሁሉ ዝም ይላሉ። በሰከንድ 30 ያህሉን የሚልክ ሰው ቻናሉን ሊያፍነው ይችላል። ይሄን 802.11ደብሊው አይነካውም። ስለዚህ ስብሰባ የምገባበትን ላፕቶፕ በኬብል አስሬዋለሁ። ገመዱ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ሁለቴ አደናቅፎኛል።