ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ እንጨቱ የት ይሂድ?

ዩዋላሲያ ፎርኒካተስ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ጠቆር ያለች ጥንዚዛ ናት። መነሻዋ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእስራኤል የአቮካዶ እርሻ፣ በ2017 በደቡብ አፍሪካ ፒተርማሪትዝበርግ፣ በ2021 ደግሞ በአውስትራሊያ ፐርዝ ተገኝታለች።

ብዙዎች እንጨት የምትበላ ይመስላቸዋል። የምትበላው ግን ፈንገስ ነው። ዘሩን በአፏ ባሉ ከረጢቶች ተሸክማ ትመጣና በበሳችው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ትዘራዋለች፤ እጮቿም የሚያድጉት የበቀለውን እየበሉ ነው። ዛፉን የሚያደርቀው ይኸው ፈንገስ የውሃ መተላለፊያዎቹን ሲደፍን ነው። ቅርፊት ላይ የተረጨ መድኃኒት እዚያ ውስጥ ያሉትን አያገኛቸውም። ወንድምና እህት እዚያው ስለሚዳቀሉ ሴቷ የምትወጣው ተዳቅላ ነው፤ አዲስ ዛፍ ለመውረር አንዷ ትበቃለች።

ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ የእስክሪብቶ ጫፍ የሚያህል ነው። አቮካዶ ላይ ዙሪያውን ነጭ፣ ስኳር የመሰለ ዱቄት ይወጣል፤ ሌሎች ዛፎች ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ምልክት፣ ሙጫ ወይም ሳጋቱራ ይታያል። በ70 በመቶ አልኮል በተጠረገ ቢላዋ ቅርፊቱን በስሱ ላጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው እንጨት ቡናማ ሆኖ ይገኛል።

ቀዳዳ የታየበትን ዛፍ ሁሉ መጣል ግን ስሕተት ነው። ብዙ ዛፎችን ትበሳለች እንጂ አትራባባቸውም። አቮካዶ ላይ በአብዛኛው የተጠቁትን ቅርንጫፎች መቁረጥ ይበቃል። ጉሎና ፕላታነስ የተባለው ዛፍ ግን መራቢያዎቿ ናቸው፤ ክፉኛ ከተወረሩ መወገድ አለባቸው።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የተቆረጠው ግንድ ማገዶ ተብሎ ይጫናል። ጥንዚዛዋ በተቆረጠ ግንድ ውስጥ ለወራት ስለምትቆይ አብራ ትጓዛለች። እንጨቱ እዚያው ቦታ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ መጠን ይከተከት። ከሥሩም ከላዩም ጠንካራ ፕላስቲክ ይደረግ፤ የላይኛው ፀሐይ የሚያሳልፍ ግልጽ መሆን አለበት፣ ጠርዙም በአፈር ይደፈን። ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚሆንበት ወቅት ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በቀዝቃዛው ወቅት ቢያንስ 6 ወር ይቆይ። ክምሩ ከወፈረ መሐሉ አይሞቅም። ሳይከተከት የሚሸፈን ግንድ ከሆነ፣ ከሁለት በላይ መደራረብ የለበትም።

ጉቶውም እንጨት ነው፤ ተነቅሎ ወይም ተፈጭቶ ከሌላው ጋር ይሸፈን። መጋዝና መቀስም ወደ ቀጣዩ ዛፍ ከማለፋቸው በፊት በአልኮል ይጠረጉ።