ሲከፈትስ ገባኝ፣ ማን ይዘጋዋል?

ሸዋ ሮቢት ላይ የስኳር ታካሚዎች ክትትል ቀን ሲሆን የመድኃኒት ቤታችን መስኮት ገና ከጠዋቱ ይጨናነቃል። ሙቀቱንማ ተዉት።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሽንኩርት አምራች አባት ነው። ከክትትል ቀናቸው ቀደም ብሎ፣ ረፋድ ላይ በባጃጅ ተጭነው ድንገተኛ ክፍል መጡ። ላብ በላብ ሆነዋል፤ ንግግራቸው አይያያዝም። ያመጧቸው ሰዎች «ምች መቷቸው ነው» ይላሉ። ነርሷ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስትለካ ስኳራቸው 38 ሆኖ ተገኘ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ነው የምንለው። ግሉኮስ በደም ሥር ሲገባላቸው ነፍስ ዘሩ። መጀመሪያ የተናገሩት ምን መሰላችሁ? «ውሃው አሁን የማን ተራ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊናቸውን እንደወጉ የመስኖ ተራቸው መድረሱ ተነገራቸው። ቁርስ ሳይቀምሱ አካፋ ይዘው ሮጡ። መጠኑ ልክ ነው፤ አወጋጋቸውም ልክ ነው። ግን ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን አንዴ ቆዳ ሥር ከገባ፣ ባለቤቱ ይብላ አይብላ አያውቅም። ከተወጋ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ያይላል። ቁፋሮው ደግሞ በባዶ ሆድ የቀረችውን ስኳር ይጨርሳታል።

በክትትሉ ቀን ከወንድማቸው ልጅ ጋር መጡ። ልጁ የካምፓስ ተማሪ ነው። ስልኩን በመስኮቱ አሾልኮ «ስኳር ሲጨምር ብቻ የሚለቀቀው ኢንሱሊን እናንተ ጋ የለም?» አለኝ። ሰልፉ ቢረዝምም እንዲህ ያለ ጥያቄ አላልፍም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በተለያየ መንገድ ሲሞከር የኖረ ነው። በአንደኛው መንገድ፣ በዓይን በማይታዩ የናኖ ከረጢቶች ውስጥ ኢንሱሊኑ ይታሸጋል። አብሮት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይገባል። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ኢንዛይሙ ስኳሩን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ይለውጠዋል፤ በዚህም ሂደት ኦክስጅን ይበላል። ከረጢቱ አሲዱን ወይም የኦክስጅኑን ማነስ ሲያገኝ ይፈርስና ኢንሱሊኑ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተመራማሪው ዠን ጉና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ ከረጢቶችን በጥቃቅን መርፌዎች ፕላስተር ላይ አድርገው በአይጦች ላይ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው የዴንማርክ መድኃኒት አምራች ከረጢት የማያስፈልገው፣ ራሱ ሞለኪዩሉ ከስኳሩ መጠን ጋር ጉልበቱ ከፍ ዝቅ የሚል ኢንሱሊን በአይጦችና በአሳማዎች ላይ መሞከሩን አሳውቋል።

አባባ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሲሰሙ ቆዩ። «ልጄ፣ ቦይ መክፈትማ ማንም ይከፍታል» አሉ። «ውሃው በቃ ሲባል ማን ይዘጋዋል?»

ሰልፍ ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የጉዳዩ ማነቆ እሱ ነዋ! ስኳሩ ወርዶም የከረጢቶቹ መፍረስ ቶሎ ካልቆመ ኢንሱሊኑ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስኳር ሳይበዛም ትንሽ ትንሽ የሚያንጠባጥብ አለ። ደም ውስጥ የገባውን ደግሞ መልሶ የሚቀዳው የለም። ተመራማሪዎቹን ሲያለፋ የኖረውን ነገር እኚህ ሰው አንድ ቦይ ጠቅሰው ጨረሱት። በጉባኤ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር።

እስከዚያው ግን መርፌያቸው ያው ነው። ሐኪሙን ጠራሁትና ስለ ውሃ ተራው ነገርኩት፤ ካርዳቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም ነበር። ምግቡ ሳይቀርብ እንዳይወጉ፣ ከባድ ሥራ ባለበት ቀን መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል፣ ኪሳቸውም ከረሜላ እንዳያጣ ተነጋገሩ። እኔም አሁን ብልቃጡን ከመስጠቴ በፊት የመስኖ ገበሬዎችን «ተራው ሌሊት ነው ቀን?» እላለሁ። ሰው ግራ ይገባዋል፤ የግብርና ባለሙያ የመሰልኳቸውም አሉ።

የወንድማቸው ልጅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በመጣ ቁጥር «ያ ነገር ገባ ወይ?» ይለኛል። የለም፣ አልገባም።