ቶርኖው ላይ የገጠምነው «ሰዓት»

ኮምቦልቻ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ቀድሞ በረት በነበረው ክፍል ውስጥ አንድ ቶርኖና አንድ ትንሽ ፍሬዛ አሉኝ። ቶርኖ ብረቱን እያዞረ፣ ፍሬዛ ደግሞ መቁረጫውን እያዞረ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ነው። ቶርኖው የቡልጋሪያ ሥሪት ነው፤ በዕድሜ የበኩር ልጄን ይበልጣል። ፍሬዛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የቻይና ሥሪት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ላይ ዲጂታል ሪድአውት ገጠምን፤ ጠረጴዛው ወይም ጋሪው ምን ያህል እንደተጓዘ በቀይ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ማለት ነው። የአማርኛ ስም ላወጣለት ስደክም የልጆቼ እናት ቡና ልታቀርብ ገብታ ቁጥሮቹን አየችና «ይህ ደግሞ የምን ሰዓት ነው? ተሳስቷል» አለች። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ስሙ ሰዓት ሆነ፤ እዚህም እንደዚያው እጠራዋለሁ።

መጀመሪያ አልፈለግሁትም ነበር። 30 ዓመት የመዘውር ዙር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አብዛኛውንም በፋብሪካ የጥገና ክፍል። ጠረጴዛውን በብሎን የሚገፋው የፍሬዛዬ መዘውር በአንድ ዙር 2.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ጠረጴዛውን 86 ሚሊ ሜትር ለመግፋት 34 ዙር ቆጥሬ 1 ሚሊ ሜትር እጨምራለሁ። ችግሩ 19ኛው ዙር ላይ ጎረቤት በበሩ ብቅ ብሎ «እንደምን ዋልክ» ሲለኝ ነው። በእኛ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አይመለስም፤ የልጆቹንም የከብቶቹንም ደኅንነት ጠይቄ ስጨርስ ቁጥሩ የለም። እንደገና ከዜሮ።

«ጋሼ፣ አንተ የምትቆጥረው ብሎኑን ነው እንጂ ጠረጴዛውን አይደለም» አለኝ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚያስተምረው የእህቴ ልጅ። ነገሩ ከነከነኝ። መዘውሩን ወደ ኋላ ስመልስ ዳዶው የብሎኑን ጥርስ እስኪይዝ ድረስ ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ የሚባክን ዙር አለ፤ እኛ ባዶ ዙር እንለዋለን። አዲስ ማሽን ላይ ትንሽ ነው፤ እሱን አውቆ ማካካስ ይቻላል። የእኔ ፍሬዛ ብሎን ግን ብዙ ሥራ በሚሠራበት በመካከሉ ከዳሩ የበለጠ ተበልቷል። በዳር ሩብ ሚሊ ሜትር የሚሆነው ባዶ ዙር መካከል ላይ ከግማሽ ያልፋል። ይህን በጭንቅላት የሚያካክስ ሰው አላየሁም። ሰዓቱ ብሎኑን ትቶ ጠረጴዛውን ራሱን ስለሚያነብ ለብሎኑ መበላት ግድ የለውም። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ረታኝ። ይሁን እንጂ ባዶ ዙሩ በሰዓት አይጠፋም፤ መቁረጫው ብረቱን ወደ ራሱ ሲጎትት ጠረጴዛው ዛሬም ይዘላል። ልዩነቱ አሁን ስንት እንደዘለለ ማወቄ ነው።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። ርካሹ እንደ ዲጂታል ካሊፐር (በእጅ የሚያዝ መለኪያ) የሚሠራውና በትንሽ ባትሪ የሚነዳው ነው። ካሊፐሬ ላይ ላብ ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ ጠብ ሲል ቁጥሩ እንዴት እንደሚያብድ ስለማውቅ እሱን ቶሎ ተውኩት። ደረቅ ሥራ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ነውር የለበትም።

ሁለተኛው የመስታወት ስኬል ነው። በአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ በየ20 ማይክሮኑ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው) የተሰመረ ቀጭን መስታወት አለ። በእሱ ላይ የሚንሸራተተው አንባቢ ራስ ብርሃን ያበራበታል፤ መስመሮቹ ብርሃኑን ሲከልሉና ሲገልጡ አንዱ ከሌላው ትንሽ የሚቀድም ሁለት ምልክት ይወጣል። ሰዓቱ የትኛው እንደቀደመ አይቶ አቅጣጫውን ያውቃል፤ 20 ማይክሮኑንም ለአራት ከፍሎ 5 ማይክሮን ያደርገዋል። ሦስተኛው ማግኔታዊ ነው፤ የድሮውን የካሴት ክር አስቡ። ሪባኑ ላይ በየ2 ሚሊ ሜትሩ ሰሜንና ደቡብ እየተፈራረቀ ተቀርጿል፤ አንባቢው ራስ ሳይነካው በላዩ እያለፈ ያነበዋል። ዘይትና ውሃ አይከብደውም፤ በላሜራ መቀስ በልክ ይቆረጣል።

የትኛው የት እንደሚገባ የወሰነልን ግን ዕውቀታችን ሳይሆን ሻንጣ ነው። ዕቃውን ያመጣልን ለንግድ ወደ ጓንዡ የሚመላለስ ዘመዳችን ነበር። የመስታወት ስኬል ሣጥን ከሚለካው ርዝመት ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ለቶርኖው የ1 ሜትር ጉዞ የሚሆነው በየትኛውም ሻንጣ አይገባም። ቢገባም ደረቱ ላይ ታቅፎት ካልተጓዘ በስተቀር ሳይሰበር አይደርስም። ስለዚህ ለፍሬዛው መስታወት፣ ለቶርኖው ደግሞ ተጠቅልሎ ከሸሚዞቹ መካከል የሚገባ ማግኔታዊ ሪባን አዘዝን። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተደራደርኩም። ለቶርኖው መስቀለኛ ጋሪ፣ ማለትም መቁረጫውን ወደ ዘንጉ ለሚያስጠጋው፣ ባለ 5 ማይክሮኑን ትቼ 1 ማይክሮን የሚያነብ ራስ አስመጣሁ። ቶርኖ ላይ መቁረጫው 5 ማይክሮን ሲገባ ከዲያሜትሩ 10 ማይክሮን ይቀነሳል። ለ40 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ የሚሆን ዘንግ ኬ6 በሚባለው የልክ ወሰን (ቶለራንስ) ከ40.002 እስከ 40.018 መካከል መውጣት አለበት፤ ጠቅላላው ሜዳ 16 ማይክሮን ነው። በአንድ እርምጃ 10 ማይክሮን በሚዘል ቁጥር እዚያ ውስጥ ለመግባት መሞከር ዓይን ጨፍኖ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው። ለረጅሙ ጉዞ 5 ማይክሮን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

መግጠሙ ሦስት እሑድ ወሰደ። ሰዓቱን ከግድግዳ መስቀልና ገመዱን መሰካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማሰሪያ መሥራት ነበር። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ማሰሪያዎች የማንም ማሽን ልክ አይደሉም። እኔም ቸኩዬ የመጀመሪያውን ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ አጥፌ ሠራሁት። ያምር ነበር። ጠረጴዛውን ቆልፌ አንባቢውን ራስ በአውራ ጣቴ ስገፋው ቁጥሩ 15 ማይክሮን ሄደ። ጠረጴዛው አልተንቀሳቀሰም፤ የተጣመመው ላሜራው ነው። አውጥቼ ጣልኩትና ከ10 ሚሊ ሜትር ብረት ሌላ ቆረጥኩ። ሰዓት የገጠማችሁ ሁሉ ይህችን የአውራ ጣት ፈተና ዛሬውኑ ሞክሯት።

የፍሬዛው ጠረጴዛ ጀርባ ቀለም ተቀብቶ ቢያምርም ከሥሩ ያለው ሻካራ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ስለዚህ ስኬሉ ሥር አራት ገፊ ብሎኖች አደረግን፤ ትንሽ እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ኢንዲኬተር ስኬሉ ላይ አሳርፈን ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እየነዳን በ500 ሚሊ ሜትር ውስጥ ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ገፋን፣ ፈታን፣ ገፋን። ብዙ ሰው ስኬሉ ቢጣመም ልኩ የሚበላሽ ይመስለዋል። የእህቴ ልጅ በእርሳስ አስልቶ አሳየኝ፤ በ500 ሚሊ ሜትር ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል የንባቡ ስህተት የአንድ ማይክሮን ሩብ ብቻ ነው። የሚጎዳው ልኩ ሳይሆን አንባቢው ራስ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ እየተሻሸ ይደክምና አንድ ቀን መስታወቱን ይቧጭራል። የሣጥኑን የጎማ ከንፈር ወደ ታች አዙረን ገጠምነው፤ ወደ ላይ ያደረገው ሰው የፍቅፋቂ ማጠራቀሚያ ሠራ ማለት ነው። ስኬሉ ከኋላ ስለሆነ ጠረጴዛው ወደ ኋላ የሚሄድበትን 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከስረናል። አልቆጨኝም።

ቶርኖው ላይ ክርክር ነበር። የመስቀለኛው ጋሪ ሪባን ዘንጉን ይዞ በሚያዞረው በማንድሪኖው በኩል ይሁን ወይስ ረጅም ዘንግ በሚደግፈው በጭራው በኩል? በማንድሪኖው በኩል የጋለ ፍቅፋቂ ይዘንብበታል። በጭራው በኩል ደግሞ ጭራው ሲጠጋ ይጋጫል። እኔ ጭራውን መረጥኩ፤ ጭራውን ትንሽ አርቆ ማሰር ይቻላል፣ ዝናቡን ግን ማቆም አይቻልም። የረጅሙን ሪባን ማግኔት በማይስብ አይዝጌ ብረት ሸፈንነው። ረዳቴ ግን ገና ሳንሸፍነው በሁለተኛው እሑድ የዳያል ኢንዲኬተሩን ማግኔት እግር ቀጥታ ሪባኑ ላይ ለጠፈው። ኃይለኛ ማግኔት የተቀረጸውን ያጠፋዋል። ያችን ቦታ አንባቢው ራስ ሲያልፍባት ቁጥሩ ይደናበር ነበር፤ ደግነቱ ጫፍ ላይ ስለነበረች ቆርጠን ጣልናት። ልጁን አልተቆጣሁም፤ እኔ መቼ ነገርኩት?

ሌላው ጣጣ ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ በራሱ መዝለሉ ነበር። ሁለት ቀን ስኬሉን ስንጠረጥር ቆይተን መፍትሔው ከሰዓቱ ጀርባ ወደ ማሽኑ አካል፣ ከማሽኑም ወደ መሬት የሚወርድ አንድ ወፍራም ሽቦ ሆነ።

አሁን ወደ ሐጂ ዘንግ ልምጣ። ሐጂ ደሴ ውስጥ የወፍጮ ቤት አላቸው። የወፍጮው ዘንግ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ አዲስ ዘንግ ላሠራ ብለው ቁልቁል መጡ፤ ገና ከመኪናው ሲወርዱ «ይህ ሙቀታችሁ!» እያሉ ኮፍያቸውን አራገቡ። ሰዓቱን አይተው ስለተደነቁ እኔም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ዘንጉ 40.41 ላይ ደርሷል፤ የቀረኝ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከል መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ሰዓቱን እንደገና ዜሮ ላደርግ ስል ግራሶ የነካ ጣቴ ከጎኑ ያለውን ቁልፍ ነካ። ያች ቁልፍ ንባቡን ከዲያሜትር ወደ ራዲየስ የምትቀይር ነበረች። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ተለውጣለች፤ እኔ የማየው ትልልቁን ቁጥር ነው። በሁለት ዙር 0.40 ወስጄ ውፍረት የምለካበትን ማይክሮሜትር ሳስጠጋ 39.61 አለኝ። እጥፉን ቆርጫለሁ።

አፈርኩ። በመዘውሩ ላይ ባለው ባለ ቁጥር ቀለበት ብሠራው አይደርስብኝም ነበር፤ ቀለበቱ 30 ዓመት ሐሳቡን ቀይሮ አያውቅም። ሐጂ ግን ሳቁ። «አይዞህ ልጄ፣ ብረት እኮ ነው፤ ይሞላል። ሰው ቢሆን ነበር የሚያስፈራው።»

ዘንጉን አሙቄ በኤሌክትሮድ ዙሪያውን ሞላሁትና ቀስ ብሎ እስኪበርድ አሳደርኩት። በማግሥቱ ሐጂ ተመልሰው መጡ። ቶርኖው ላይ አስሬ በዲያሜትር ንባብ፣ ምልክቷን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ቆረጥኩ። ማይክሮሜትሩ 40.026 አለ፤ ከወሰኑ 8 ማይክሮን በላይ። ረዳቴ አንድ ጊዜ እንላጨው አለ። እጄን ዘንጉ ላይ ባሳርፍ ያቃጥላል። 40 ሚሊ ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ሲግል ወደ 14 ማይክሮን ይወፍራል። «ተወው፣ ቡና እንጠጣ» አልኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሐጂም ለእያንዳንዱ ስኒ መረቁ። በረካው ካለቀ በኋላ ስለካው 40.012። ኩሽኔታውን ዘይት ውስጥ አሙቀን አስገባነው፤ እንደ ቀለበት ገባ።

ሰዓቱ የሚያውቀው ጋሪው የት እንዳለ ነው። የመቁረጫው ጫፍ እንደተበላ፣ ዘንጉ እንደጋለ ወይም እንደተለመጠ አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ዛሬም ለማይክሮሜትሩ እሰጣለሁ፤ የራዲየሷን ቁልፍ ደግሞ በቀይ ቀለም ከብቤያታለሁ።

ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ለፍሬዛው ይግጠም እላለሁ። ቶርኖ ላይ ዘንጉን አቁሞ በማይክሮሜትር መለካት ይቻላል፤ ፍሬዛ ላይ በሁለት ቀዳዳ መካከል ያለውን ርቀት ከመብሳት በፊት የሚለካ መሣሪያ የለም። ባለፈው ወር ለአንድ ፓምፕ ስድስት ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ (ቱቦ የሚታሰርበት ክብ ብረት) ሠራሁ፤ ቀዳዳዎቹ በ120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው። ድሮ ደብተር አውጥቼ 60፣ ከዚያ 30 እና 51.96 እያልኩ ሳሰላ፣ ምልክቱን ከመደመሪያው ጋር ሳምታታ አንድ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይሸሽ ነበር። አሁን የብረቱን አንድ ጠርዝ ነክቼ ዜሮ፣ ሌላውን ነክቼ ግማሽ፤ መካከሉን ያገኘዋል። ዲያሜትሩንና የቀዳዳውን ብዛት ስነግረው ወደ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይመራኛል፤ እኔ ቁጥሮቹ ዜሮ እስኪሆኑ መዘውር ማዞር ብቻ ነው። ጎረቤትም «እንደምን ዋልክ» ቢለኝ መዘውሩን ለቅቄ ወጥቼ እጁን እጨብጣለሁ፤ ቁጥሩ ይጠብቀኛል።

ከቶርኖው ሪባን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎኛል፤ ያችን ረዳቴ ማግኔት የለጠፈባትን ሳልቆጥር። ሾጣጣ የሚቆረጥበት የላይኛው ትንሽ ጋሪ ገና ሰዓት የለውም። ሪባኑ ይበቃዋል፤ የጎደለው አንባቢ ራስ ነው። ዘመዳችን ለጥቅምት እንደገና ይሄዳል፤ የልጆቼ እናት ግን እስካሁን አልሰማችም።