ስኳሩ ያለበትን ማን ይንገረን?

ዛሬ አስቤዛ ስገዛ የማሸጊያዎችን ጀርባ አነበብኩ። ኬክና ከረሜላ ስኳር እንዳላቸው ማንም ያውቃል። ያናደደኝ ሌላው ነው። ኬቻፕ! ከክብደቱ ወደ ሩብ የሚጠጋው ስኳር ነው። ጤናማ መስሎ የሚሸጠው የፍራፍሬ እርጎም ስኳር ተጨምሮበታል። ያውም በጥቃቅን ፊደል ነው የተጻፈው፤ ዓይን ይፈትናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም ገደማ አይበልጥም፤ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 35 ግራም አካባቢ አለው!

ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት የታሸገ ምግብ ፊት ለፊት ላይ ጥቁር፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ታስገድዳለች። በየአገሩ እንዲህ ይሁን ባይ ነኝ። በተለይ ለልጆች ተብሎ በሚሸጠው ላይ። ልጅ እያባበለ የሚሸምት ወላጅ ቆሞ ግራም የሚያሰላበት ጊዜ ከየት ያመጣል?